የጓዳ ጥያቄ፦ የአኩሪ አተሩ አይብ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ልጆቼ ሽሮ ሰለቸን ብለው ሲያስቸግሩኝ ሁለት ኪሎ አኩሪ አተር ገዛሁ። ግማሽ ኪሎውን ቀቅዬ ባበላቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ሲያቃስቱ አደሩ። ትልቋ ልጄ «ጃፓኖች እኮ ከዚህ ቶፉ የሚባል ነገር ይሠራሉ» ትለኛለች። ቤቴ ጁስ መፍጫ የለም፤ የጃፓን ቅመምም የለም። እውነት በእኛ ጓዳ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆናል። አሬራ ጥደሽ፣ አይቡ ሲለይ አይተሽ፣ አጓቱን አጥልለሽ ታውቂያለሽ አይደል? ቶፉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ወተቱ ከላም ሳይሆን ከአኩሪ አተር መምጣቱ ብቻ ነው። የቀረሽ አንድ ኪሎ ተኩል ደግሞ ስድስት ጊዜ ያሠራሻል።

አስቀድሜ ስለ ልጆቹ ሆድ። አኩሪ አተር በደንብ ካልበሰለ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለው። በዚያ ላይ ነፋት የሚያመጣ የስኳር ዓይነት አለበት። እኛ ደግሞ ደጋ ላይ ነን። በእናንተም በእኛም ደብረ ማርቆስ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ድስቱ ተንተከተከ ማለት እህሉ ቆላ ላይ እንደሚበስለው በሰለ ማለት አይደለም። ቶፉ ሲሆን ወተቱ ለብቻው በደንብ ይፈላል፣ ያ የሚነፋውም ነገር አብዛኛው ከመዘፍዘፊያው ውሃና ከአጓቱ ጋር ይወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 250 ግራም አኩሪ አተር ለቅመሽ፣ አጥበሽ፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ማታ ዘፍዝፊ። በክረምት እኔ ከ14 ሰዓት በፊት አላነሣውም። መድረሱን የምታውቂው አንዷን ፍሬ በጥፍርሽ ሰንጥቀሽ ነው፦ ውስጧ እንደ ጀልባ ጎድጎድ ካለ ገና ነው፤ ልሙጥ ሆኖ ከታየሽ ደርሷል። ውሃውን ድፊና በንጹሕ ውሃ ፍጪው። ጁስ መፍጫ ካለ ጥሩ። ከሌለ ወፍጮና መጅ አሉ፤ መብራት በጠፋ ቀን እኔም ትንሽ ትንሽ ውሃ እያርከፈከፍሁ በመጅ ፈጭቼዋለሁ፤ እንዲያውም ይልማል። በአጠቃላይ ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ከዚያ በታጠበ አሮጌ ነጠላ አጥልይና ጨምቂው።

ወተቱን በትልቅ ድስት ጣጂ። ትልቅ ያልሁሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አረፋው ድንገት ተነሥቶ ይገነፍላል። ከድስቱ ራስ አትራቂ፣ ታቹንም በእንጨት ማማሰያ እየፋቅሽ አማስዪ፤ ካረረ ሽታው አይለቅም። ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይንተክተክ። መጀመሪያ ጥሬ ጥሬ፣ ሣር ሣር ይሸታል፤ ያ ሽታ ሄዶ የተቀቀለ እሸት ሲሸትሽ አውጪው።

አምስት ደቂቃ አቆዪና የሎሚ ጭማቂ፣ የሻይ ብርጭቆ ግማሽ ያህል፣ ያንኑ ያህል ውሃ ጨምረሽበት በሦስት ጊዜ ከፋፍለሽ አፍስሺ። አንዴ ሁለቴ ብቻ በቀስታ አማስለሽ ክደኚው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትከፍቺ ነጩ እንደ ደመና ተሰብስቦ፣ ዙሪያውን ጠራ ያለ ቢጫ አጓት ታያለሽ። አጓቱ ገና ወተት ከመሰለ አንድ ማንኪያ ሎሚ ጨምሪ። ጨርቅ ባነጠፍሽበት ወንፊት ላይ በጭልፋ ገልብጪው፣ ጨርቁን እጠፊ፣ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ዕቃ ጫኚበትና ግማሽ ሰዓት ተዪው። ጃፓኖች እንዲህ በጨርቅ ተጭኖ የሚሠራውን «ሞመን» ይሉታል፤ በቋንቋቸው ጥጥ ማለት ነው። ስሙን ስሰማ ያችን ነጠላዬን አስታውሼ ደስ አለኝ። ሳይጫን እንዲሁ የሚረጋውን ለስላሳውን «ኪኑ»፣ ማለትም ሐር፣ ይሉታል፤ በሎሚ ግን ያኛው አይወጣም፣ አትድከሚ።

በጃፓን የሚያረጉት በብዛት ከባሕር ጨው በሚገኝ ኒጋሪ በሚባል ነገር ነው። ለምግብ ተብሎ በተጣራ ካልሲየም ሰልፌትም ይረጋል። ይህን ሰምተሽ «ጀሶ ማለት ነው» ብለሽ የግንባታ ጀሶ እንዳትሞክሪ፣ አደራ።

አሁን ወደ አበሳሰሉ። ቶፉን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ለሁለት ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሆና በመጣች ጃፓናዊት ጎረቤቴ ነው። መጀመሪያ የሠራችውን ስትሰጠኝ ወስጄ ቀይ ሽንኩርትና በርበሬ አቁላልቼ ወጥ አደረግሁትና አካፈልኋት። በላች፣ አመሰገነችኝም። በማግስቱ ቤቷ ጠራችኝ። ትንሽ ሳሕን ላይ አንድ ነጭ ቁራጭ አለ፤ ከላዩ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ጥቂት ጠብታ ሶያ ሶስ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚወጣ ጥቁር ጨዋማ ማጣፈጫ። ሌላ ምንም የለበትም። ስቀምሰው ከዝንጅብሉ በኋላ ረጋ ያለ የእሸት ጣዕም መጣ፤ ትናንት በርበሬው የዋጠብኝ ያ ኖሯል። ይህን ምግብ «ሂያያኮ» ይሉታል። ስለዚህ እባክሽን የመጀመሪያውን ቶፉሽን ወጥ ውስጥ አትክተቺው። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዪው፣ ከዚያ በኋላ እንደ ወደድሽ።

ለልጆቹ «ኢሪዶፉ» ይሻላል። ቶፉውን በእጅሽ ፈርፍሪ፣ በትንሽ ዘይት ቀጫጭን የተከተፈ ካሮትና ሽንኩርት አስክነሽ ጨምሪበት፣ ውሃው እስኪመጥ አማስዪ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስ። ሶሱ ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ጨው አያሻም። ከፎገራ ሩዝ ጋር ይሄዳል፣ በእንጀራም ይበላል።

እኔ የማልጠግበው ግን «ሺራኤ» የሚሉትን ነው፤ ዕቃው ሁሉ ከእኛው ገበያ የሚገኝ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ አምሰሽ በሙቀጫ ውቀጪ። ውሃው በደንብ የወጣለት 200 ግራም ቶፉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ ጨምረሽ እዚያው አድቅቂው። ጎመን ቀንጥሰሽ ቀቅዪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪ፣ አጥብቀሽ ጭመቂና ለውሺው። ጎመን በአይብ የለመደ ምላስ ወዲያው ያውቀዋል።

ጨርቁ ላይ የቀረውን እንዳትጥዪው፤ «ኦካራ» ይባላል። ገና ጥሬ ስለሆነ በሽንኩርትና በካሮት እያማሰልሽ በደንብ አብስዪው። ቶፉው የተረፈሽ እንደሆነ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ፍሪጅ አስቀምጪ፣ ውሃውን በየቀኑ ለውጪ፤ ከሦስት ቀን አታሳልፊው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሞጣ ነው፣ የቅኔ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ «አይብ የሚባል ነገር ጾም ላይ?» አሉኝ። የጃፓን ምግብ ጾም ነው ወይስ ፍስክ?

መልስ፦ ልጄ፣ ቶፉው አኩሪ አተር፣ ውሃና ሎሚ ነው፤ የእንስሳ ነገር የለበትም፤ አይብ ያልሁት እኔ ነኝ፣ ስለ አሠራሩ። መጠንቀቅ ያለብህ ከሾርባው ነው። ጃፓኖች ብዙውን ምግብ የሚያጣፍጡበት «ዳሺ» የሚባል መረቅ በአብዛኛው «ካትሱኦቡሺ» ከሚባል በጢስ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ ሚሶ ከሚባል ከተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራው፣ ታሽጎ የሚሸጠው ሾርባም ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት። ዓሣን በተመለከተ ንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ በዚያ አልገባም። ዓሣ የሌለበት ዳሺም አለ። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ የማይገባበት «ሾጂን ርዮሪ» የሚባል ማዕድ አላቸው፤ መረቁን ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ያወጡታል። እዚያ ማዕድ ላይ ቶፉ ትልቅ ቦታ አለው።

ለሚጾሙ እናቶች ደግሞ ይህን ልጨምር። ደረቅ አኩሪ አተር ከ100 ግራሙ 36 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ባቄላ 26 ገደማ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ግን የለውም፤ በሎሚ የረጋ ቶፉም በካልሲየም ሰልፌት እንደ ረጋው ካልሲየም አይሰጥም። ጎመንና ሰሊጡን አብራችሁ ብሉ።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለቴም እንደ ቆሎ ፍርፍር አለብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሎሚውን እሳት ላይ እየፈላ ሳለ ጨምረሽው ይሆናል፤ ወይም ካፈሰስሽ በኋላ ብዙ አማስለሽዋል። መጀመሪያ አውጪው፣ ፍላቱ ይብረድለት። ሎሚም ከበዛ ይፈረፍረዋል፣ ይጎመዝዛልም። ሦስተኛውን እንዲህ ሞክሪና አጓቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጻፊልኝ፤ ከዚያ የቀረውን እነግርሻለሁ። የተፈረፈረውን አትድፊው፣ ለኢሪዶፉ ይሆንሻል።