ትንሽ ሁሉ ልጅ አይደለም፦ እንቁራሪት ለምታጠኑ ወጣቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። መዳፏ ላይ ቡናማ እንቁራሪት ተቀምጣለች፤ ከሃምሳ ሳንቲም ፍራንክ አትበልጥም። ከሥሩ «ጋሼ፣ ልጅ ናት ወይስ አድጋለች? ልጅ ከሆነች ልልቀቃት» ይላል። ቦታው የለም፣ ሰዓቱ የለም፣ ከፍታው የለም። የዛሬ ልጆች ፎቶ ማንሳቱን ተክናችሁበታል፤ የት እንዳነሳችሁት መጻፍ ግን እንደ ዕዳ ይከብዳችኋል። ጥያቄዋ ግን ጥሩ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳልጠይቀው ያለፍኩት ጥያቄ ነው፤ አንድ ብልቃጥም እስከ ዛሬ ይመሰክርብኛል።

ብልቃጡ ውስጥ 14 እንቁራሪቶች አሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አርሲ ደጋ ካለ ረግረግ ሣር ውስጥ በአንድ ምሽት የተያዙ ናቸው። ዘጠኙ ተለቅ ያሉ፣ አምስቱ ትንንሽ ናቸው። መለያው ላይ በእጄ የተጻፈው «ፕቲካዴና ኒውማኒ፤ 9 ያደጉ፣ 5 ታዳጊ» ይላል፤ ፕቲካዴና ኒውማኒ የአንዲት የደጋችን እንቁራሪት የሳይንስ ስም ነው። ሌሊቱን ሁሉም በአንድ ላይ ፎርማሊን (አካል እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ገቡ፤ ፎርማሊኑም አሲድነቱ ያልተስተካከለ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብልቃጡ ለሌላ ጉዳይ ተከፈተ። ከ«ታዳጊዎቹ» አንዷ በማይክሮስኮፕ ሥር ተገልብጣ ስትታይ የሆዷ ቆዳ ሳስቷል፤ ከሥሩ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይታያል። በምላጭ ጫፍ ግራ ጎኗን ጥቂት ስከፍተው እንቁላል ነው፤ ግማሽ ጎኑ የጠቆረ፣ ግማሽ ጎኑ የነጣ፣ ሆዷን ጥቅጥቅ አድርጎ የሞላ፣ ለመጣል የደረሰ እንቁላል። ታዳጊ ብዬ የጻፍኩባት እናት ኖራለች። ከቀሩት አራት ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ በመንጋጋቸው ጎንና ጎን የድምፅ ከረጢቱ ተሸብሽቦ ቁጭ ብሏል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃና ጥሩ መብራት ብቻ ነበር።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። ያን ምሽት ረግረጉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ድምፅ ነበር። አንዱ ጥርስ እንደማፋጨት ረዘም ይላል፤ ሌላው አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይደጋገማል። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያለው ግን «ብዙ ይጮኻሉ» የሚል ሁለት ቃል ነው። የትኛው ድምፅ የትልልቆቹ፣ የትኛው የትንንሾቹ እንደሆነ አልተጻፈም። ጡንቻም ለዲኤንኤ ተቆርጦ አልተቀመጠም። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ከፕሮቲኑ ጋር ይቆላልፈዋል፣ እያደርም ይቆራርጠዋል። አሲዱ ደግሞ የጣቶቹን ስስ አጥንት እየበላ ኖሯል። ተመልሼ ልስማ ብልም ረግረጉ ውሃው ተቆርጦ ስንዴ ተዘርቶበታል። በ1980 (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) ከአርሲ የተገለጸችው ትንሿ ፕቲካዴና ናና ሳትሆን አትቀርም የሚሉኝ አሉ። ስሟ ያኔም ታትሞ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በ2021 በወጣው ሥራ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተጨምረው በደጋችን ብቻ የሚኖሩት የዚህ ጂነስ (የተዛመዱ ዝርያዎች ወገን) ዝርያዎች 12 ደርሰዋል፤ አንዱማ ስሙ ፕቲካዴና ዶሮ ነው። የእኔን አምስት ትንንሾች ከእነዚህ የትኞቹ ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ ከቅርጻቸው ብቻ ተነሥቶ አፉን ሞልቶ የሚመልስ አላገኘሁም።

የኛዎቹ ትንሽ ከተባሉ የማዳጋስካሮቹ ምን ሊባሉ ነው? ልጅ ነው ወይስ አድጓል የሚለው ጥያቄ እንደ ስቱምፊያ የሚከብድበት ጂነስ አላውቅም፤ ልጅቷም ከእነሱ ብትጀምር ይሻላታል። ስቱምፊያ ጠባብ አፍ ካላቸው እንቁራሪቶች ቤተሰብ ነው፤ ከማዳጋስካር ውጭ የለም። አብዛኞቹ የሚኖሩት በደሴቲቱ ሰሜንና ምሥራቅ ባለ ደን፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥ ነው። ስቱምፊያ ኮንቱሜሊያ የምትባለው ዝርያ ያደገ ወንዷ 9 ሚሊሜትር አይሞላም። በሰሜን ከኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አካባቢ የሚገኙት ግን ከ2 ሳንቲሜትር ያልፋሉ፤ አንደኛዋ ስቱምፊያ ቤ ተብላለች። «ቤ» በማላጋሲ ትልቅ ማለት ነው፤ ትልቅነቷ ለዘመዶቿ ነው እንጂ። የብዙዎቹ እንቁላል ቅጠል ሥር በአረፋ ጎጆ ይቀመጣል፤ እጮቹ ኩሬ ሳያዩ፣ ሳይመገቡ፣ ከእንቁላሉ በወረሱት አስኳል ብቻ አድገው ይወጣሉ።

ጂነሱን በ1881 የሰየመው ጀርመናዊው ኦስካር ቦትገር ነው፤ ናሙናው የመጣው በሰሜን ምዕራብ ካለችው ከኖሲ ቤ ደሴት፣ ሰብሳቢው አንቶን ስቱምፍ። ቦትገር ከቤት መውጣት የሚያስፈራው ሕመም ነበረበት። ከ1876 እስከ 1894 ፍራንክፈርት ያለውን ሙዚየም እንኳ አልረገጠም፤ ብልቃጦቹ እቤቱ ድረስ ይመጡለት ነበር። ስለዚህ ያ ሰው ስለ ኖሲ ቤ ደን የሚያውቀው በእጁ የገባውን ብልቃጥና የተጻፈለትን ያህል ነው። እናንተም ናሙና ስትሰበስቡ የምትጽፉት ከቤት ለማይወጣ ሰው ነው ብላችሁ ጻፉ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ብልቃጡን የሚከፍተውም ከቦትገር አይሻልም፤ ወደዚያ ምሽት መሄጃ የለውም።

በ2017 በማዳጋስካራዊቷ ተመራማሪ በአንዶላላዎ ራኮቶአሪሶን መሪነት 26 አዳዲስ የስቱምፊያ ዝርያዎች በአንድ ሥራ ተገለጹ። ከዚያ በፊት የታወቁት ከ20 አይበልጡም ነበር፤ አሁን ከ40 በላይ ናቸው። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ጥቃቅን ከሆኑ በምን ተለዩ? በአንድ ነገር አይደለም። ዝርያ ለመለየት የሚነበበው የዲኤንኤ ክፍል፣ የ16ኤስ ጂን፣ ልዩነት አለ፤ በማዳጋስካር እንቁራሪቶች ዘንድ ወደ 3 በመቶ ሲጠጋ «እዚህ ነገር አለ» ብሎ ያነቃል፤ ብቻውን ግን ዝርያ አያደርግም። ድምፅ አለ፦ የእያንዳንዱ ጩኸት ርዝመት፣ በመካከል ያለው ዝምታ፣ ቅጥነቱ። ከዚያ የጣት ጉዳይ ይመጣል። ሰውነት እያነሰ ሲሄድ ጣቶች ያጥራሉ፣ አንዳንዶቹም ጉብታ ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ የትኛው ጣት ምን ያህል እንደቀረ ዝርያን ይለያል። እንዲህም ሆኖ ያሳስታል፤ ማነስ ደጋግሞ የመጣ ነገር ነው። በ2019 የተገለጸው ሚኒ የተባለው ጂነስ ሲያዩት ስቱምፊያ ይመስላል፤ ዘሩ ሲመረመር ግን በራሱ መንገድ ያነሰ ሌላ ሆነ። ሦስቱን አዳዲስ ዝርያዎች ሚኒ መም፣ ሚኒ ስኪዩልና ሚኒ ኤቸር ብለው ቀለዱባቸው፤ ገጥማችሁ ስታነቧቸው ሦስቱም ትንሽነትን የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። የሳይንስ ስም መቀለጃ መሆኑን አልወድም፤ ግን ከእነዚህ አንዱንም ረስቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት ጣት ላይ ነው። ለዲኤንኤ ናሙና ጣት መቁረጥ በትልልቅ እንቁራሪቶች የተለመደ ነው። በ10 ሚሊሜትር እንቁራሪት ግን የቆረጣችሁት ዝርያዋን የሚለየውን አካል ነው። ከሞተች በኋላ ከአንድ ጭን ብቻ ጡንቻ ውሰዱ፤ ሁልጊዜም ከአንድ ጎን፣ በሉ ከቀኝ፤ ሌላው ጎን ለመለኪያ ሳይነካ ይቅር። ጡንቻው 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይገባል፤ ኢታኖሉ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። በማግስቱ ይቀየር፤ ከሥጋው የወጣው ውሃ አልኮሉን ያቀጥነዋልና። ይህ ሁሉ የሚደረገው አካሉ ፎርማሊን ሳይነካው ነው፤ መቀሱና ወረንጦውም ፎርማሊን የነካው እንዳይሆን።

ከዚያ በፊት ግን መስማት አለ። ድምፁን ተከትላችሁ ስትጠጉ ዝም ይላሉ፤ ለሁለት ሆናችሁ ከሁለት አቅጣጫ ተቀመጡ፣ የግንባር ባትሪውን አጥፉ፣ ሲጀምር ሁለታችሁም በጣት ጠቁሙ፤ ጣቶቻችሁ የሚገናኙበት ነው ያለው። መጀመሪያ ቅዱ። ማይክሮፎኑን እስከ አንድ ሜትር አስጠጉ፤ ባልተጨመቀ ፋይል፣ ቢያንስ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ። የተጨመቀ ፋይል ጆሮ አይለየውም ብሎ የሚጥለው፣ እናንተ የምትለኩትን ሊሆን ይችላል። ሲያበቃ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሙቀትና የእንቁራሪቱን ቁጥር በራሳችሁ ድምፅ እዚያው ላይ ተናገሩ። ሙቀቱ ካልተያዘ ቅጂው ግማሽ ነው፤ ሲሞቅ ጩኸቱ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይዘገያል፤ የአየር ጠባይን የዝርያ ልዩነት ብላችሁ ታትማላችሁ። በስልክ መቅዳት አልወድም፤ ባዶ እጅ ከመመለስ ግን ስልክ ይሻላል።

ከቀዳችሁ በኋላ ቅጠሉን ከነአፈሩ እፍኝ አድርጋችሁ በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምሩና ቅጠል በቅጠል ፈልጉ። በ2009 በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ አማው መንደር አጠገብ፣ 7.7 ሚሊሜትር ገደማ የሆነችው ፔዶፍራይን አማውኤንሲስ የተገኘችው እንዲህ ነው፤ እሷም ከጠባብ አፎቹ ወገን ናት፣ ድምፅዋም የነፍሳት ይመስላል። እጃችሁን የትንኝ መከላከያ ቀብታችሁ አትንኳቸው፤ በቆዳቸው ይገባና ይገድላቸዋል። ውሃ የሞላ ዕቃ ውስጥም አትጨምሯቸው፤ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ናቸውና ይሰምጣሉ። እርጥብ ቅጠልና አየር ያለው ከረጢት፣ አንድ ከረጢት ለአንድ እንቁራሪት፣ ቁጥሩ ከውስጥ። ፀሐይ ያረፈበት መኪና ውስጥ ከተዋችሁት በደቂቃዎች ይደርቃሉ። የመሰብሰቢያ ፈቃድና በሽታ እንዳይዛመት ጫማ ማጽዳት እንዳልል፤ ያን ሳታውቁ ደን የገባችሁ እንደሆነ ይህን ደብዳቤ ማንበቡም አይጠቅማችሁ።

ፎርማሊኑ 37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ካለው ፈሳሽ አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ ነው። በእያንዳንዱ ሊትር 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ጨምሩበት። ለትልቅ እንስሳ ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የጣት አጥንት ላለው ግን አሲዱ አጥንቱን አሟሙቶ «ይህ ዝርያ ጣት የለውም» ያሰኛችኋል። በፎርማሊን በራሰ ወረቀት ላይ ጣቶቹን ዘርግታችሁ ክደኑት፤ ሲደነድን ወደ ፎርማሊኑ አስገቡት። ለዚህ መጠን አንድ ቀን ይበቃል። ከዚያ በውሃ ታጥቦ፣ አልኮሉ ቀስ በቀስ እየጠነከረ እስከ 70 በመቶ ይሂድ። በቀጥታ ጠንካራ አልኮል ውስጥ ከገባ ይጨማደዳል፤ 9 ሚሊሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ማጠር ከአሥር በመቶ በላይ ነው። መለያው በእርሳስ ተጽፎ ከውስጥ ይግባ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ክር አስራችሁ እግሩን ከምትሰብሩ እያንዳንዱን በየራሱ ቱቦ አስቀምጡት።

ዲኤንኤ ሁሉን ይፈታል ብላችሁ የምትሮጡትን ስቆጣ ኖሬአለሁ፤ አሁንም እቆጣለሁ። ግን ልዋሽ አልችልም፤ ያለ ዲኤንኤ ከ26ቱ ብዙዎቹ ዛሬም በአንድ ስም ተቆልለው ይኖሩ ነበር። የእኔም ረግረግ መልስ ያጣው አንዲት የጭን ጡንቻ ስላልተቀመጠች ነው።

ብልቃጡ አሁንም አለ። አሮጌ መለያ አይጣልምና «5 ታዳጊ» የሚለው እንዳለ ነው፤ አጠገቡ ቀንና ፊርማ ያለበት ሌላ ወረቀት ገብቷል፦ «ከአምስቱ አንዷ እንቁላል የያዘች፣ ሁለቱ ያደጉ ወንዶች፤ ሁለት ድምፅ ተሰምቶ ነበር፣ አልተቀዳም።»

አንቺ ፎቶ የላክሽልኝ ልጅ፣ ከፎቶው ብቻ አልነግርሽም። ገና ካልለቀቅሻት በሚያሳይ ከረጢት ውስጥ አድርጊና ከሥር በኩል መብራት አብሪባት፤ እንቁላል ካለ በሆዷ ቆዳ ያሳያል። ጉሮሮዋንም እዪ፤ የላላ ወይም የጠቆረ ቆዳ ካለው ወንድ ይሆናል። ሁለቱም ከሌለ ልጅ ናት አትበዪ፤ «አልታወቀም» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ከሆዷ በኩል፣ ማስመሪያ ከጎኗ አድርገሽ፣ ፎቶውን ደግመሽ ላኪልኝ፤ ቦታውንም ጭምር።