«ለስላሳ» ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ ስለ ኤክስትራ አኜሆ ተኪላ ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በስጦታ የመጣልህን ውድ ኤክስትራ አኜሆ፣ ማለትም በርሜል ውስጥ ብዙ ያረጀ ተኪላ፣ ከጓደኞችህ ጋር ከፍታችሁ እነሱ «እንዴት ይለሰልሳል» ሲሉ አንተን ኬክ ኬክ ብሎሃል፣ እና «እኔ ነኝ ያልገባኝ ወይስ መጠጡ ነው?» ነው ያልከው። እኔ ቨርጂኒያ ባር ውስጥ ነው የምሰራው፣ ተኪላ ደግሞ በጣም የምወደው ነገር ነው፣ እና በግልጽ ልንገርህ ምላስህን እመነው።

ተኪላ የሚሰራው ከሰማያዊ አጋቬ ነው፣ የኛ አገር ቃጫ ዘመድ ማለት ነው፣ ተክሉ ለመድረስ ስድስት ሰባት አመት ይፈጅበታል። ያ ሁሉ አመት የተጠበቀው ለአጋቬው ጣዕም ነው እንግዲህ። ተኪላ የሚመደበው በርሜል ውስጥ በቆየበት ጊዜ ነው፣ ሬፖሳዶ የሚባለው ቢያንስ 2 ወር፣ አኜሆ 1 አመት፣ ኤክስትራ አኜሆ ደግሞ 3 አመትና ከዛ በላይ 600 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ይቆያል፣ ይሄ የመጨረሻው ምድብ የመጣው በ2006 ነው። የሜክሲኮ ህግ የሚቆጥረው ግን ጊዜውን ነው እንጂ ጥራቱን አይደለም። (በነገራችን ላይ ክለብ ውስጥ በየጠረጴዛው የምታየው ዶን ሁሊዮ 1942 ራሱ አኜሆ ነው፣ ብዙ ሰው ኤክስትራ ይመስለዋል።) በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር እንጨቱ አጋቬውን ይጫነዋል፣ ስለዚህ እኔ አንድ ያረጀ ተኪላ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አጋቬው አሁንም አለ ወይ?

ይሄን ለማወቅ መለኪያውን ተወው፣ ሎሚና ጨውም አያስፈልግም፣ በረዶም። አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ላይ ትንሽ ቅዳና አስር ደቂቃ አስቀምጠው። ከለሩን አትመን፣ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ስታሸት አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ አትክተት፣ አልኮሉ ይመታሃል፣ ራቅ አድርገህ ከንፈርህን ትንሽ ከፈት አድርገህ አሽት። ቀድሞ የሚመጣው ቫኒላ፣ ቀረፋ፣ ካራሜል ነው፣ እሱ የበርሜሉ ነው። ከስር የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚመስል ሽታ፣ ማር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቁንዶ በርበሬ ካገኘህ እሱ ነው አጋቬው። የመጀመሪያዋን ጉንጭ አፍህን ለማለማመድ ብቻ ውሰዳት፣ በሷ አትፍረድ። ሁለተኛዋን ምላስህ ላይ አንከባለህ ዋጥና በአፍንጫህ ተንፍስ፣ ጥሩ ከሆነ አጋቬው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ ይቆያልም። ጣፋጭ ነገር የተጨመረበት ግን ገና ከንፈርህን ሲነካ ሽሮፕ ይሆንብህና ወዲያው ይጠፋል፣ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው የእንጨት መራራ ነው።

ጓደኞችህ «ለስላሳ» ያሉት ነገር ላይ ነው እኔ የማልስማማው። 40 ፐርሰንት አልኮል ያለው መጠጥ ምንም ካልተሰማህ የሆነ ነገር ሸፍኖታል ማለት ነው። ጉሮሮ ከቧጨረህ የአልኮሉ አወጣጥ መጥፎ ነው፣ ደረትህን ቀስ ብሎ ካሞቀህ ግን እንደዛ ነው መሆን ያለበት። ህጉ ላረጁት ተኪላዎች ካራሜል ቀለም፣ የኦክ ጭማቂ፣ ግሊሰሪን እና የስኳር ሽሮፕ እስከ 1 ፐርሰንት እንዲጨመር ይፈቅዳል፣ 100 ፐርሰንት አጋቬ የሚል ጠርሙስ ላይ እንኳን፣ እና ጠርሙሱ ላይ መጻፍም ግዴታ አይደለም። ግሊሰሪን ነው ያንን ወፈር ያለ ለስላሳነት የሚሰጠው። ያንተ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ሳልቀምሰው አልፈርድም፣ ግን ኬክ ኬክ ካለህ እጠረጥራለሁ። አንድ ሁለት ጠብታ መዳፍህ ላይ አድርገህ አሽና አልኮሉ ሲበን አሽተው፣ ቫኒላ ብቻ ከቀረ አጋቬው የለም።

ሌላ ደግሞ፣ ጠርሙሱ ላይ ኖም የሚልና አራት ዲጂት ያለው ቁጥር አለ፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሰራው የሚነግርህ እሱ ነው። 1139 ካየህ ለምሳሌ ሜክሲኮ አራንዳስ ከተማ ያለው ላ አልቴኛ የሚባለው ፋብሪካ ነው፣ ታፓቲዮም ኤል ቴሶሮም የሚባሉት ተኪላዎች ከዛ ነው የሚወጡት፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የምገዛው ቤት ነው። አንዱ ፋብሪካ ብዙ ብራንድ ሊሰራ ስለሚችል በጠርሙሱ ማማር አትሸወድ፣ ሴራሚኩንም ክሪስታሉንም እየከፈልክበት ነው።

ለሚቀጥለው ውድ ጠርሙስ ከመግዛትህ በፊት የዛኑ ቤት ብላንኮ፣ ያላረጀውን ነጩን ማለት ነው፣ ባር ሄደህ አንድ ሾት አዝዘህ ቅመስ፣ ብላንኮ አብዛኛውን ጊዜ በርሜል ስለማይነካው የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ብላንኮው ካልጣመህ ኤክስትራውን አትግዛው። የከፈትከውን ደግሞ ከምግብ በኋላ ጠጡት እንጂ አትድፋው፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርግና ጠርሙሱን አቁመህ አስቀምጠው፣ ከግማሽ በታች ሲወርድ ሽታው ቶሎ ስለሚደክም ብዙ አታቆየው።