የሳይክል ፍሬን አየር ማውጣት፦ የመኪና ፍሬን ዘይት እንዳታስነካው!

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ፍሬንህ የሺማኖ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ነው። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይገባል፣ ደጋግመህ ስትጫነው ደግሞ ይጠነክራል። የሰፈርህ መካኒክ «የመኪና ፍሬን ዘይት ጨምርበት» ብሎሃል፤ ልጨምር ወይ ነው ያልከው። አትጨምር! ሌላውን ባታነበው እንኳ ይቺን ያዝ።

ሲደጋገም የሚጠነክረው አየር ገብቶበት ነው፤ ይህን ታውቃለህ፣ አልፈዋለሁ። መቼም አንተም እንደኔ ከእንጦጦ የምትወርድ ነህ። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተህ በሽሮ ሜዳ፣ በስድስት ኪሎ አድርገህ አራት ኪሎ እስክትደርስ ፍሬን እንደያዝክ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋህ እጀታው ባዶውን ሲገባ አስበው።

1. ዘይቱን ለይ። ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ የሚባሉት ፍሬኖች የሚሠሩት ሚኒራል ኦይል በሚባል ዘይት ነው። ስራም (SRAM) የሚባለው ኩባንያ ፍሬኖች ግን አብዛኞቹ በዶት፣ ማለትም በመኪናው ዓይነት ፍሬን ዘይት የሚሠሩ ናቸው። ገበያ ወጥተህ «ፍሬን ዘይት» ካልክ የሚሰጡህ የመኪናውን፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። በሚኒራል የሚሠራ ፍሬን ውስጥ ዘይቱን የሚያሽገው ጎሚኒ ዶት ከነካው ያብጣል። ካበጠ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን አይመለስም፣ ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ቆይቶ ደግሞ ያንጠባጥባል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ጋራዥ ነው። ሳይክሌን ስሰጠው ዘይቱ ሌላ መሆኑን ነገርኩት፣ እጀታው ላይ የተጻፈውንም አሳየሁት። ሰውዬው ዞር ብሎም አላየው። «አንተ ሳትወለድ ነው ይህን ሥራ የጀመርኩት፤ ፍሬን ዘይት ፍሬን ዘይት ነው» አለኝ። እኔ ሥራ ስሄድ በገዛ ፈቃዱ ሞላው። ስመለስ እጀታው ድንጋይ ሆኗል፣ እሱም ኮራ ብሎ ሒሳቡን ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ የኋላው ፍሬን አልለቅ አለ። ይዤው ስሄድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድሮም የቻይና ዕቃ ነው!» ሺማኖ የጃፓን ነው ብዬ ለመከራከር እንኳ አቅም አጣሁ። ጎሚኒው ደግሞ ለብቻው አይሸጥም። እጀታውንም ካሊፐሩንም (ጎማው ጋ ያለውን፣ ዲስኩን የሚይዘውን ክፍል) እንዳለ ቀየርኩ። ብሩን አልጠራውም፣ አሁንም ያንገበግበኛል። የሠራበትን እንኳ አልመለሰልኝም።

2. ዕቃው ቀላል ነው። ከፋርማሲ ትልልቅ ሲሪንጅ ሁለትና የግሉኮስ ቱቦ ግዛ። ዘይቱን ግን እዚያ እንዳትጠይቅ። እኔ «ሚኒራል ኦይል አለ?» ስል ልጅቷ ጮክ ብላ «ለሆድ ድርቀት ነው?» አለችኝ፤ የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ትክክለኛውን የሺማኖ ዘይት ከውጭ ለሚመጣ ሰው እዘዝ። 100 ሚሊ ሊትሩ ለፊትም ለኋላም ይበቃል።

3. ጎማውን አውልቅ፣ ሸራዎቹንም አውጣ። ሰው የሚዘለው ይቺን ነው። ዲስክ ዘይት ቢነካው በአልኮል ይጠረጋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን በብርጭቆ ወረቀት ብትፈገፍገውም አይመለስልህም፤ ጣለው። በፒስተኖቹ መሀል ልክ የሚገባ እንጨት ጠርበህ ክተት። አለዚያ ዘይቱን ስትገፋ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወጣብሃል።

ከዚያ እጀታውን አግድም አድርገህ ላዩ ላይ ያለችውን ቪቴ በ2.5 አለን ቁልፍ ፍታ። መግፊያው የወጣለት ሲሪንጅ ቀዳዳው ላይ አጥብቀህ ሰካና ትንሽ ዘይት ጨምርበት። ሌላውን ሲሪንጅ ዘይት ሞልተህ ከነቱቦው ካሊፐሩ ላይ ካለችው ኒፕል (ዘይት ማስገቢያና ማስወጫ ጫፍ) ጋር አገናኘው። ኒፕሏን በ7 ቁልፍ (የድሮ ሞዴል ከሆነ በ8) ትንሽ አላላና ዘይቱን ቀስ ብለህ ወደ ላይ ግፋ። አየር መውጣት የሚወደው ወደ ላይ ነው። የኛ መካኒኮች ግን የመኪና ልማድ ይዟቸው ከላይ እየሞሉ ከታች ያፈሳሉ፤ አረፋው መሀል ይቀራል። እየገፋህ የፍሬኑን ቱቦ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያልክ ምታው።

አረፋው ሲያቆም ኒፕሏን ዝጋ። እጀታውን ጫን፣ ለቀቅ እያደረግክ ወደ ላይም ወደ ታችም ትንሽ አዘንብለው፤ የተደበቀ አረፋ ካለ ይወጣል። «ሞክሬው አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የቸኮለው። የኔ የኋላ ፍሬን ዛሬ በአንድ ጣት ይይዛል። ያ ጋራዥ ራሱ አሁን የሳይክል ፍሬን ሲመጣበት «እዚያ ማዶ ያለው ልጅ ጋ ውሰዱት» ይላል አሉ። ይቅርታ ግን እስካሁን የለም!

ሸራውን ከመመለስህ በፊት ካሊፐሩን በደንብ ጥረግ፣ መጀመሪያም ሜዳ ላይ ሞክረው። አራት ኪሎ አካባቢ ከሆንክ በውስጥ ጻፍልኝ፤ ሲሪንጁንና እንጨቱን አውስሃለሁ። ዘይት ግን አላካፍልም፣ የቀረችኝ ትንሽ ናት።