ኪያሬ ያብባል፣ አያፈራም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጓሮዬ ውስጥ የተከልኩት ኪያር አበባው እየረገፈ አስቸገረኝ። የያዘችው አንዲት ፍሬም መራራ ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀድሞ የሚረግፈው ወንዴ አበባ ስለሆነ አይስጉ። ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ጣት የማታክል ኪያር ይለዩዋታል። እሷም ቢጫ ሆና ከረገፈች ግን ንብ አላገኛትም ማለት ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የፈካ ወንዴ አበባ ይቀንጥሱና ዙሪያውን ያሉትን የአበባ ቅጠሎች ልጠው ዱቄቱን በሴቴዋ መሃል ያስነኩ። አንዱ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል።

ምሬቱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ጥማትና ሙቀት ነው። በየ2 ወይም 3 ቀኑ አፈሩ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እስኪርስ ሥሩን ያጠጡ፤ ቅጠሉ ከረጠበ ሻጋታ ይይዘዋል። ሥሩ ላይ የጤፍ ጭድ ያልብሱ። ፍሬው ሳይቢጭ ይቁረጡት፤ ያረጀ ፍሬ ተክሉን ሌላ እንዳያፈራ ያደርገዋል።

ደሴ ላላችሁ፦ ብርዱ ሳያልፍ አትዝሩ፤ በቀዝቃዛ አፈር ዘሩ ይበሰብሳል።