640 ፎቶ ለማውጣት 8 ሰዓት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ጅማ ውስጥ ሰርግ አነሳለሁ። የማነሳው በሮው (ካሜራው በጥሬው በሚያስቀምጠው ፋይል) ነው፣ የማስተካክለው ዳርክቴብል በሚባል የፎቶ ፕሮግራም። ባለፈው ሙሽሮቹን ቀን ላይ ጅረን ወጥተን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አነሳኋቸው፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ። የአዳራሹ መብራት ደካማ ስለነበር አንዱን ፎቶ በዲኖይዝ (ነጠብጣብ ማጥፊያ) እና በዲፊዩዝ ኦር ሻርፐን (ማጥሪያ) በደንብ አጠራሁና ያንኑ ለሁሉም ኮፒ አደረግኩት። ከዚያ 640ውን ፎቶ ኤክስፖርት ለማድረግ (የተስተካከለውን ወደ ተራ የፎቶ ፋይል፣ ወደ ጄፔግ፣ ለማውጣት) ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ያለቀው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ፎቶዎቹ ያሉት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ «ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ በፈጣኑ ዲስክ፣ ቀይሪው» ብሎኛል። ልግዛ? ደግሞ መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ከዜሮ መጀመር ሰልችቶኛል።

ሰርግ አንሺዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢ። መጀመሪያ አብረን እናስላ።

8 ሰዓት ማለት 28,800 ሰከንድ ነው። ለ640 ስናካፍለው ለአንድ ፎቶ 45 ሰከንድ ይደርሳል። አሁን ዲስኩን እንየው። አንዱ ሮው ፋይል 25 ሜጋባይት ገደማ ነው ብንል ሁሉም ተደምሮ 16 ጊጋባይት ይሆናል። ዲስክሽ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ቢሰካ እንኳ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ ስለዚህ ሁሉንም አንብቦ ለመጨረስ 9 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚወጡትን ጄፔጎች መጻፉን ብትጨምሪበት ሩብ ሰዓት ቢሞላ ነው። ኤስኤስዲው ሊቆጥብልሽ የሚችለው ከዚያች ሩብ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ኤስኤስዲ ላፕቶፕን ቶሎ እንዲከፈት ስለሚያደርግ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስላል።

ታዲያ የቀረውን ሰዓት ማን በላው? መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፦ «ያንኑ ለሁሉም ኮፒ አደረግኩት» ያልሽው ጋ።

ዳርክቴብል ስታስተካክዪ ፎቶውን አይነካውም፣ ያደረግሽውን ብቻ መዝግቦ ያስቀምጣል። ኤክስፖርት ስትዪው ነው እያንዳንዱን ትእዛዝ በ24 ሚሊዮን ፒክስል ላይ እንደ አዲስ የሚሠራው። ብርሃን መጨመር ቀላል ነው፣ ወዲያው ያልፋል። ዲኖይዝ ግን ከባድ ነው። ዲፊዩዝ ኦር ሻርፐን ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ነው የሚሠራው፤ ክፈቺውና ኢተሬሽን የሚለውን ቁጥር እዪው፣ 10 ከሆነ 10 ጊዜ ይመላለስበታል ማለት ነው። ይህ ለአዳራሹ ፎቶ ተገቢ ነው። ጅረን ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት ዝቅ ብሎ) የተነሳች ሙሽራ ግን ምን ኖይዝ፣ ምን ነጠብጣብ አላትና ነው? ላፕቶፕሽ ሌሊቱን ሙሉ የሌለ ቆሻሻ ሲያጥብ አድሯል።

በግምት እንዳትሄጂ ሞክሪው። አንድ የጅረን ፎቶ እንዳለ ኤክስፖርት አድርጊና በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ከዚያ ሁለቱን ሞጁሎች (ዲኖይዝንና ዲፊዩዝ ኦር ሻርፐንን) አጥፍተሽ ድገሚው። ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የጅረኖቹን ለብቻ ምረጪ፣ አንዱን ያለ ሁለቱ ሞጁሎች አስተካክዪና ለሌሎቹ ለጥፊ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፦ ስትለጥፊ አፔንድ የሚለው ከተመረጠ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል እንጂ አሮጌው ዲኖይዝ አይጠፋም። ኦቨርራይት በዪው።

ለቴሌግራም የምትልኪውን ደግሞ በሙሉ መጠን አታውጪ። ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል ይበቃል፣ ሃይ ኳሊቲ ሪሳምፕሊንግ የሚለውንም ኖ አድርጊው፤ ያኔ ፎቶውን ቀድሞ አሳንሶ ስለሚሠራው ይፈጥናል። ለአልበም የሚታተሙትን ግን በሙሉ መጠን።

ራምሽ 8 ስለሆነ ኤክስፖርት ሲሠራ ብሮውዘሩን ዝጊ። ሜሞሪ ሲያጥረው ፎቶውን ቆራርጦ ነው የሚሠራው፣ ያ ደግሞ ያዘገየዋል። ቻርጀሩ ይሰካ፣ ብዙ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ራሱን ያቀዘቅዛል። ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ፍራሽ ላይ አየር ያጣል። በፕሪፈረንስ ውስጥ ኦፕንሲኤል የሚል አለ፣ ግራፊክስ ካርዱን ያሠራል፤ ላፕቶፕሽ ደህና ካርድ ካለው ትልቅ እፎይታ ነው፣ ከሌለው ግን ብዙም ላይጠቅም ስለሚችል አብርተሽም አጥፍተሽም በአንድ ፎቶ ለኪው።

ስለ መብራቱ፦ ከዜሮ መጀመር የለብሽም። ኤክስፖርት ላይ ኦን ኮንፍሊክት የሚል ምርጫ አለ፣ ስኪፕ አድርጊው። መብራት ሄዶ ሲመጣ 640ውንም መርጠሽ ድጋሚ ኤክስፖርት በዪ፣ የወጡትን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ግን ፎልደሩን ክፈቺና መጨረሻ ላይ የወጣውን ፎቶ እዪው። መብራቱ ሲጠፋ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ አጥፊው፣ አለበለዚያ እሱንም እንዳለቀ ቆጥሮ ይዘለዋል።