«ቀልድ ነው እኮ» ይሏታል

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ 7ኛ ክፍል ናት። በክፍሏ በቆዳ ቀለም የምትለየው እሷ ብቻ ናት። ሦስት ልጆች በቀለሟ ስም አውጥተውላታል፤ ፀጉሯን ይነካካሉ፤ ከስልክ ግሩፓቸውም አስወጥተዋታል። መምህሯ «የሴት ልጆች ኩርፊያ ነው፣ ይታረቃሉ» አሉኝ። ልጄ ደግሞ ዳግም ትምህርት ቤቱ ሄጄ እንዳልናገር ትለምነኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኩርፊያ አይደለም። ኩርፊያ በእኩዮች መካከል ነው፤ ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ ታኮርፋለች። እዚህ ግን ሦስቱ አብረው፣ ደጋግመው፣ ልትለውጠው በማትችለው ነገር መጥተውባታል። ኩርፊያን ሽምግልና ይፈታዋል። ይህን ግን አራቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ማለት ያባብሰዋል፦ ልጅዎ በሦስቱ ፊት ስሞታዋን ትውጣለች፤ ከበር ስትወጣም «አሳባቂ» የሚል ሌላ ስም ይጠብቃታል። ትምህርት ቤቱ ይህን ካቀረበ እምቢ ይበሉ።

የምትለምንዎት ማግስቱን ፈርታ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡላት፤ ሊጠብቁት አይችሉምና። «ሳልነግርሽ ምንም አላደርግም» ይበሏት፤ ለትምህርት ቤቱ የሚጽፉትንም ደብዳቤ ከመላክዎ በፊት ያንብቡላት።

ደብተር ይያዙ። «ይሰድቧታል» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይድበሰበሳል። «ማክሰኞ፣ በመጀመሪያው እረፍት፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ‹ከሰል› አለቻት፤ ሁለት ልጆች ሰምተዋል» የሚለውን ግን ማድበስበስ ይከብዳል። ቃሉ ቢቀፍዎም እንዳለ ይጻፉት፤ «መጥፎ ቃል» ብለው ካለሰለሱት የዘር ጉዳይ መሆኑ ይጠፋል። የስልክ መልእክት ከሆነ የላኪዋ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቶሎ ይጠፋል። ስልኳን ግን አይቀሟት፤ ሁለተኛ ምንም አታሳይዎትም።

ከዚያ ለርእሰ መምህሩ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ግልባጩን ያስቀሩ። ማን እንደሚያጣራ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስልዎትና እስከዚያ መምህር በማይደርስባቸው ቦታዎች፣ በተለይ በመጸዳጃ ቤትና በመተላለፊያው፣ ማን እንደሚጠብቅ ይጠይቁ። መቀመጫ መቀየር ካለበት የሚነሱት እነሱ ናቸው፤ እሷ ከተነሳች የተቀጣችው እሷ ትመስላለች። ወደ ልጆቹ እናቶች አይደውሉ። ሁሉም ለልጁ ይቆማልና ነገሩ የወላጆች ጠብ ሆኖ ያርፋል።

ልጅዎን «ዝም በያቸው» አይበሏት፤ እዚህ የደረሰችው ዝም ብላ ነው። አንድ አጭር ቃል ያለማምዷት፦ «ፀጉሬን አትንኪ።» ሳትስቅ፣ ምክንያት ሳትደረድር፣ ተናግራ ትሂድ። «ቀልድ ነው እኮ» ካሏት «እኔ አልሳቅኩም» ይበቃል። አፏ እስኪለምደው ቤት ውስጥ ደጋግማ ትበለው። ዳር ቆማ የምታይ፣ የማትስቅ አንዲት ልጅ ካለችም እሷን ይፈልጉ፤ አብራት የምትመገብ አንድ ጓደኛ ብዙ ነገር ትለውጣለች።

የትምህርት ቀን ማለዳ ሆዷን የሚያማት ወይም ቆዳዋን የሚያነጣ ቅባት የምትጠይቅ ከሆነ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይውሰዷት። ስለ መሞት ካነሳች ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሁን።

ጥያቄ፦ የእኔዋ 13 ዓመቷ ነው፤ ከተሳዳቢዎቹ አንዷ ናት ተብዬ ተጠራሁ።

መልስ፦ «የኔ ልጅ አታደርገውም» ከማለትዎ በፊት የተባለውን ቃል በቃል ይስሙ። ቤት ሲደርሱ «ለምን?» ቢሏት «እንጃ» ነው መልሷ፤ ይልቅ ምን እንዳለች፣ ማን እንደሳቀ ይጠይቋት። የግዳጅ ይቅርታም አያስደርጓት፤ ተበዳይዋ መስማት ላትፈልግ ትችላለች። ቃሉን ከየት እንደሰማችው ሲጠይቋት ግን «ከቤት» ብትልዎ አይቆጧት።