ቫልቩን ከመቀየራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቴ ድረስ መጣ። ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ የቀዳውን ድምፅ አሰማኝ። ሁለት ፉጨቶች እየተፈራረቁ ይንጫጫሉ። ቡናዬን አስቀመጥኩ። ቴሌፕሪንተር! ከሩቅ የተላከ መልእክት ወረቀት ላይ የሚያትመው ማሽን፤ ወጣትነቴን የጨረስኩበት ድምፅ ነው።

"ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ተበላሽቶብኛል" አለኝ። አማተር ሬዲዮኞች፣ ማለትም ለራሳቸው ደስታ በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች፣ ሲያወሩ በየመሃሉ "ቲ ኦ ኦ" የሚል ፊደል ይጽፍለታል። ሦስት ፕሮግራም ቀያይሯል፣ ሦስቱም ያንኑ ይጽፋሉ። ሦስት ሲል የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቅሁ።

በኔ ጊዜ ያንን ፉጨት ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው አንድ ሳጥን ሙሉ ቫልቭ ነበር። ቫልቭ ስል የውሃውን አይደለም፤ ከትራንዚስተር በፊት የነበረውን፣ አየር የወጣለትን አምፖል መሰል የመስታወት ዕቃ ነው። እዚሁ ጅማ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መልእክት እንቀበል ነበር። ከሁለቱ ፉጨት አንዱ ማርክ፣ ሌላው ስፔስ ይባላል። በብዙ ሳጥኖች ላይ 2125 እና 2975 ኸርዝ ነበሩ። ልዩነታቸው 850 ነው፤ አማተሮቹ በኋላ ወደ 170 አጠበቡት። ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይሰልላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቫልቭ ጩኸቱንም ሹክሹክታውንም እኩል ቁመት ላይ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፉጨት ብቻ ያሳልፋሉ። ጥንድ ዳዮድ (ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያለበት ትንሽ ቫልቭ አንዱን ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ኔጋቲቭ ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ጎረምሳ ቫልቭ የማሽኑን ማግኔት ይነዳል፤ በኛው ማሽን 60 ሚሊአምፔር። ማርክ ሲሆን ከረንቱ ያልፋል፣ ማሽኑም ጭጭ ይላል። ከረንቱ ከተቋረጠ ግን ማሽኑ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይንቀጫቀጫል።

አንድ ሐምሌ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ሁሉ ያልባል። ማሽኑ ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ምን አደረግሁ? ቫልቭ ቀየርኩ። አልሆነም። ሁለተኛ ቀየርኩ፣ ሦስተኛ። የነቀልኳቸውን የሞቱት ሳጥን ውስጥ ወረወርኳቸው። ሲነጋ አለቃዬ ገቡ። ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ "ድምፁን ሰምተኸዋል?" አሉኝ። አልሰማሁም ነበር። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ፉጨቱ ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ደኅና ነው፣ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። ቴስተር ይዘው ደረጃ በደረጃ ለኩ። ከዚያ በእርሳስ ጀርባ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ኳ ኳ አደረጉ። ዳዮዷን ሲነኩ ማሽኑ ለአፍታ ዝም አለ። ነቀሏት። እግሯ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ ሶኬቱም እንዲሁ። ዝገቱን በምላጭ ፋቁት፣ በአልኮል ጠረጉት፣ መልሰው ሰኩት፤ አለቀ። ሦስቱ "ሙታን" ቫልቮቼ ደኅና ነበሩ። ለአንድ ወር ስሜ "ቫልቭ ቀያሪው" ሆኖ ከረመ።

በነገራችን ላይ፣ አሮጌ ሳጥን አግኝታችሁ የምትከፍቱ ካላችሁ፣ ገመዱን ስለነቀላችሁ ብቻ አትመኑት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከመቶ ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር አራግፏቸው፣ በቴስተር አረጋግጡ። ይሄን የምለው እጄን አንዴ ስለመታኝ ነው።

ወደ ተማሪው ልመለስ። የቴሌፕሪንተር ፊደል አምስት ምት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ምት ወይ ማርክ ወይ ስፔስ፤ ከፊት መነሻ፣ ከኋላ ማቆሚያ ይጨመርለታል። አማተሮቹ በሚጠቀሙበት ፍጥነት አንዱ ምት 22 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ከአምስት ምት የሚወጣው 32 ዓይነት ብቻ ነው፤ ለፊደሉም ለቁጥሩም አይበቃም። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከፊደል ጋር አንድ አልጋ ይጋራሉ። "አሁን ቁጥር ነው" የሚል ምልክት ቀድሞ ይላካል። ምልክቱ በመንገድ ከጠፋ ቁጥሩ ፊደል ሆኖ ይታተማል።

አንድ የጅማ መርካቶ ቡና ነጋዴ የዋጋ ቴሌግራሙን ይዞ ተቆጥቶ መጣብኝ። ዋጋው በሚጻፍበት ቦታ "ኢ ቲ ፒ" ይላል። "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ዋጋ ነው?" አለኝ። እኔ ኪቦርዱን አየሁ። የላይኛው የፊደል ረድፍ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ አሥረኛ። አሥረኛው ዜሮ ነው፤ ስለዚህ 350 መሆኑ ነው። ግን አልነገርኩትም። አዲስ አበባ ድገሙልኝ ብዬ፣ በቁጥር ሲመጣ ሰጠሁት። በኔ ግምት ሰው ቡናውን እንዲሸጥ አልፈለግኩም።

ይሄን ለተማሪው ስነግረው ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። የላይኛውን ረድፍ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አምስተኛ። ዘጠነኛ። ዘጠነኛ።

"599!" አለ። አማተሮች "ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል" የሚባባሉበት ቁጥር ነው።